ቅቤ የጠጡት ሁለት ትራሶች

ከአገራችን ከአምበር የወጣን ዕለት ማታ አማቴ ልጃቸውን መደብ ላይ አስቀምጠው ራሱን ቅቤ ቀቡት። ሌላው ሰው የስደት ታሪኩን ከድንበር ወይም ከደላላ ይጀምራል፤ የእኔ የሚጀምረው ከዚያ መደብ ነው። ለጋ ቅቤ ነው፣ አደስ የገባበት፣ ሽታው ከጓዳ ተነሥቶ ደጅ የቆመውን ሰው የሚጠራ። እማማ አንጓች በሁለት መዳፋቸው እየዛቁ የባለቤቴን የልየውን አናት እንደ አራስ ልጅ አናት ያሻሉ። "መንገዱ ሐሩር ነው አሉ፤ ራስህን እንዳይመታህ" ይሉታል። እኔ ማዶ ቆሜ ሻንጣ አሥራለሁ፤ ልቤ ግን ሻንጣው ዘንድ አልነበረም፤ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ቅቤው አለቀ። እማማ ቀና ብለው አዩኝና መዳፋቸው ላይ የቀረችዋን እርጥበት ግንባሬ ላይ ጠረግ አደረጓት። ያችን ይዤ ተሰደድሁ።

እንግዲህ ከሌላ ሰው ሳትሰሙት፣ እኔው ልንገራችሁ፤ ቀናተኛ ነኝ። ባሌ በቅሎዋን አንገቷን ሲያሻሽ ካየሁ ያን ቀን ራት አይጥመኝም ነበር። እናቴ "አንች ልጅ፣ ጥላሽ ቀድሞሽ ቢሄድ በጥላሽም ትቀኛለሽ" ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ከሸኚዎቹ መካከል ማንጠግቦሽ ነበረች። የጎረቤት ልጅ ናት። ልየው ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሲቆጥር በነበረ ጊዜ "ሲመለስ የእሷ ነው" ሲባል ኖሯል። ተመልሶ እኔን አገባ፤ እሷ ግን ከእማማ አንጓች ቤት እግሯ አልጠፋም። ስሟስ ቢሆን! ለሴት ልጅ ማንጠግቦሽ ብሎ ስም ሲወጣ ለጎረቤት አይታሰብም?

በዚያው ሌሊት ደብረ ማርቆስ ወርደን፣ ንጋት ላይ አውቶቡስ ለመያዝ መናኸሪያው አጠገብ አንድ አልጋ ቤት አደርን። ልንወጣ ስንል ባለቤቲቱ በሩን ይዛ ቆመች።

"ይኸን ትራስ ማን ሊያጥበው ነው?" አለች። ልየው የተኛበት ትራስ ቅቤ ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል።

"ትራስ ለራስ አይደል እንዴ የተሠራው?" አልኋት።

"ለራስ ነው፤ ለቅቤ አይደለም።"

ተከራከርን፤ ሻንጣዬን ያዘች፣ እኔም ያዝሁ። በመጨረሻ ልየውን አየችውና "ወዴት አገር ነው የምትሄዱት?" አለች። እሱም "እንጃ፣ ከደረስን ካናዳ" አላት። ሻንጣውን ለቀቀችው። "ይኸማ እናቱ ቀብታ የሸኘችው ነው፤ ይለፋችሁ፤ እመብርሃን ትከተላችሁ" ብላ እስከ አውቶቡሱ ድረስ መጣች። እኔም አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ ዓይኔን ከእሷ አልነቀልሁም፤ ምን ስታየው ነው እንደዚያ የራራችለት እያልሁ።

በሞያሌ ወጥተን ናይሮቢ ገባን። ስለ ናይሮቢ ብዙ አልላችሁም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። አከራያችን ጣራው አፍስሶ ዝናብ ፍራሻችንን ሲያረጥበው "ውኃ በነጻ ነው የሚገባላችሁ" ብሎ የሚያላግጥ ሰው ነበር። ካናዳ የሚኖር የልየው አጎት ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ጋር ሆኖ ስፖንሰር አደረገንና ሬጃይና የሚባል ከተማ ደረስን። ሬጃይና ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ የለም። ብርዱን ለመናገር ደግሞ አማርኛ አልበቃኝም። የእኛ ደጋ ብርድ ጋቢ ስትለብስ ያፍራል፤ ይኸ ግን አያፍርም፤ ልብስህን አልፎ የገዛ አጥንትህን ይቆጥርልሃል።

እኔ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ ልየው መጋዘን ገባ። ደኅና ነን። ግን ጸጉሬ መርገፍ ጀመረ። ውኃው ይሁን ብርዱ ይሁን እንጃ፣ ጠዋት ስነሣ ማበጠሪያው ሙሉ ነው። ቅቤ ገዝቼ ሞክሬያለሁ፤ የዚህ አገር ቅቤ በወረቀት ተጠቅልሎ እንደ ሳሙና ተደርድሮ ይሸጣል፤ ብታሸቱት ምንም አይልም፤ ከላም ይምጣ ከፋብሪካ አይናገርም። አንድ ጊዜ ለእማማ አንጓች በስልክ ነገሩን እንደ ቀልድ ጣል አድርጌላቸው ነበር። ከዚያ ረሳሁት።

ሰዉ ላይም ቀናሁ። በተለይ በአንድ ነገር። የዚህ አገር ሰው የገዛውን ጫማ ተጫምቶት ከርሞ "አልተመቸኝም" ብሎ ይመልሳል፤ ሻጩም ይቅርታ ይጠይቃል! እኛ አገር ገበያ የገዛኸው ጫማ እግርህን ቢበላው እግርህን ትለምዳለህ እንጂ ጫማውን ማን ይቀበልሃል? ወረፋ ላይ ቆሜ አንዲት ፀጉረ ወርቅ ሴት "ማናጀር ጥሩልኝ" ስትል እያየሁ፣ እንዲህ ደረቷን ነፍታ የምትቆምበትን ነገር ማን ሰጣት እል ነበር። ያንን ድፍረት ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ወተት ነው ያጠጧት።

ለጥምቀት ልየው ካልጋሪ ሄደ። ካልጋሪ ትልቅ ከተማ ነው፤ የእኛ ሰው ብዙ ነው፤ ማኅሌት የሚቆም ዲያቆን ፈልገው ጠሩት። እኔ ከሥራ ፈቃድ አላገኘሁም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ማንጠግቦሽ ካልጋሪ ናት! ከእኛ በኋላ ካናዳ ገባች፤ በቅርቡም አምበር ደርሳ ተመልሳለች። ልየው ሲነሣ "ማንን ታገኛለህ?" አልሁት። "ሰዉን ሁሉ" አለኝ። ሰዉን ሁሉ! ሲመለስም ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ራሱ ሻምፑ ሻምፑ እየሸተተ ገባ። ልየው ደግሞ ካልለመኑት ራሱን የሚታጠብ ሰው አይደለም።

የባንክ ካርዳችን የሁለታችንም ነው፤ መልእክቱ ግን ወደ እኔ ስልክ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛው እኔ ላይ ነው፣ ግእዙ እሱ ላይ። ልየው ከተመለሰ በኋላ፣ ካልጋሪ ያደረበትን ሆቴል ከፍሎ ቁልፉን አስረክቦ ከወጣ ቀናት ካለፉ በኋላ፣ ያው ሆቴል እንደገና ከካርዳችን ገንዘብ ቆረጠ። ዝም ብሎ። ሰላም ሳይል። የደብረ ማርቆሷ ሴትዮ ትዝ አለችኝ፤ እሷ ቢያንስ በር ላይ ቆማ ሻንጣዬን ይዛ ነው የተጣላችኝ። እነዚህ "ሃቭ ኤ ናይስ ደይ" ብለው ጥርሳቸውን አሳይተው ይሸኙህና ቤትህ ገብተህ ጫማህን ስታወልቅ እጃቸው ኪስህ ውስጥ ነው።

ልየው ሥራ ላይ ሳለ ደወልሁ። ማር የጠጣ የሚመስል የወንድ ድምፅ አነሣ።

"አዎ እመቤቴ፣ በሁለት ነገር ነው የተቆረጠው። አንደኛው የአልጋ ልብስ ጉዳት፣ ሁለተኛው ተጨማሪ እንግዳ።"

"የምን ተጨማሪ እንግዳ?"

"ክፍሉ የተያዘው ለአንድ ሰው ነበር። የተኛው ግን ሁለት ሰው ነው።"

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁና መልሼ አስጠጋሁት። "በምን አወቃችሁ?"

"ሁለቱም ትራስ ላይ የራስ ምልክት አለ። ሁለቱም በቅባት ተበላሽተዋል። የጸጉር ቅባት ይመስለናል። ሽታው ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንደ ከረመ አይብ ነው። ክፍሉን ለማናፈስ ተቸግረናል።"

ደሜ ፈልቶም ቢሆን ይህን ማለፍ አልቻልሁም፤ በአማርኛ "አይብ አያትህ ይሽተቱ" አልሁት። ቅቤ ነው። ካናዳ ምድር ላይ ራሱን በሀገር ቤት ቅቤ የሚቀባ ሰው ማን አለ? በቅርቡ ከአምበር የመጣ ሰው!

"ሲወጣ ለምን አልነገራችሁትም?"

"የካርዱ ቁጥር በፋይላችን ነበረን" አለ፤ እንደ ትልቅ መልስ።

"ማስረጃ አሳዩኝ" አልሁ። ይህን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ያች ፀጉረ ወርቅ ሳትሆን አትቀርም ያስተማረችኝ። ፎቶ ላኩልኝ። አልጋ ነው፤ ሁለት ትራስ ጎን ለጎን፤ በእያንዳንዱ መካከል ቢጫ የራስ ቅርጽ። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ አነስ ያለ መሰለኝ። ፎቶውን እያሰፋሁ እያጠበብሁ፣ ያኛው የእሱ ነው፣ ይኸኛው የእሷ ነው እያልሁ የጣድሁትን ሽንኩርት አሳረርሁት።

ልየውን አልጠየቅሁትም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ማታ ራት ሲበላ ጥርሱን አያለሁ፤ ሲስቅ በምን ሳቀ እላለሁ፤ ዝም ሲል ማንን አሰበ እላለሁ። "ምን ሆነሻል?" ሲለኝ "ራሴን" እለዋለሁ። ራስ የሚል ቃል ሲሰማ ደንገጥ የሚል መሰለኝ።

አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስለ ሸማቾች መብት በነጻ የሚያማክሩ አሉ አለችኝ። ሄድሁ። ባርባራ የምትባል ጡረተኛ ናት፤ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ጉዳዩን ነገርኋት፤ የቅናቱን ሳይሆን የካርዱን።

የነገረችኝን ለእናንተም ልናገር፤ በስደት ላላችሁ ይጠቅማልና። ሆቴል ካርድህን ስለያዘ ብቻ ከወጣህ በኋላ እንደ ልቡ ሊቆርጥበት አይገባም። ስትገባ የፈረምኸውን አንብብ፤ የሚቆርጠው በዚያ በተስማማህበት ነገር ብቻ መሆን አለበት፤ ለምን እንደ ሆነ ዘርዝሮ፣ ማስረጃውን ይዞ። ስትወጣም ክፍሉን ፎቶ አንሣ፣ ደረሰኝ ተቀበል። ቆርጦብህ ካገኘኸው መጀመሪያ ሆቴሉን በጽሑፍ ጠይቅ፤ እምቢ ካለ ለባንኩ "ይህን አልቀበልም" በል፤ ዲስፒዩት ይሉታል። ዛሬ ነገ አትበል፤ ጊዜ ያልፍብሃል።

ባርባራ ፎቶውን አየችና ሳቀች። "ይህ የሁለት ትራስ ፎቶ ነው። የሁለት ሰው ፎቶ አይደለም።"

ልስማት ነበር! ሁለት ትራስ ሁለት ሰው አይደለም። ይህን ነገር ለምን እኔ አላሰብሁትም? አንድ ሰው ሁለት ትራስ አይተኛም? እሷ ጻፈችልኝ፤ ቀለል ባለ እንግሊዝኛ፣ ቁጣ የሌለበት፣ ግን ጥርስ ያለው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው።

"እዚህ ላይ ትፈርሚያለሽ። 'ባለቤቴ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ ተጨማሪ እንግዳ አልነበረም' ይላል። እውነት ነው አይደል?"

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ።

"ገንዘቡን ማስመለስ ትፈልጊያለሽ አይደል?" አለች።

"ገንዘቡስ ይቅር" አልኋት።

"ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"ያን ሁለተኛ ትራስ።"

ባርባራ መነጽሯን አወለቀች። በዚህ አገር ሰው ነገር የሚገባው መነጽሩን ሲያወልቅ ነው። ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝና፣ "ቤትሽ ውሰጂው። ያልሆነውን ሆነ ብለሽ እንዳትፈርሚ፤ የሆነውንም ሳትጠይቂ እንዳትተዪው" አለችኝ። አጠገባችን ወረፋ ይጠብቅ የነበረ ሰው ስለ ተበላሸ ቴሌቪዥኑ ሊያወራ መጥቶ እንደ ዘመድ አንገቱን ነቀነቀልኝ።

ልየው ከሥራ ሲመለስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት።

"ምንድን ነው?"

"ሆቴሉ ሁለት ሰው ነው የተኛው ብሎ ከካርዳችን ቆረጠ። እኔ ደግሞ ብቻውን ነው ብዬ ልፈርምልህ ነው። ልፈርም ወይስ አልፈርም?"

"ሁለት ሰው? የምን ሁለት ሰው?"

ፎቶውን አሳየሁት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

"ማንጠግቦሽን አግኝተሃል?"

"አግኝቻለሁ።"

"ቅቤ ተቀብታ ነበር?"

"ማን? እሷ? ኧረ አንች ሴት በእግዜር!" ብሎ ተነሣና ካፖርት እንኳ ሳይደርብ በዚያ በረዶ ወደ ደጅ ወጣ። በቃ ሄደ አልሁ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ከዚያ ተመልሶ ገባ፤ ቅንድቡ ላይ በረዶ፣ እጁ ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ። የጣሳው አፍ በጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁን አወቅሁት፤ የእማማ አንጓች የመቀነት ጫፍ ነው።

"ከመለዋወጫው ጎማ ሥር ነበር የደበቅሁት" አለ፤ ተቀመጠም። "ማኅሌት ቆመን አድረን ራሴ ሊፈነዳ ነበር። ማንጠግቦሽ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ሆና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ 'ከእማማ ነው' ብላ ይኸን ሰጠችኝ። ሆቴል ገብቼ ላሸተው ብቻ ብዬ ከፈትሁት፤ ጥሩዬ፣ ላሸተው ብቻ ነበር። ከዚያ አናቴ ላይ አደረግሁት። ከዚያ አለቀስሁ። ትራሱ በቅቤና በእንባ ሲርስብኝ ወደ ሌላኛው ዞርሁ። ይኸው ነው።"

"ጣሳው ቀሏል፤ የቀረውስ?"

"መንገድ ላይ፤ ከዚያም መኪና ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ። ትንሽ ትንሽ እያልሁ፤ ቤት ሳልገባ እየታጠብሁ።"

"ለምን ደበቅኸኝ?"

ጣሳውን ወደ እኔ ገፋው። ፈታሁት፤ የአደሱ ሽታ ገና አለ፣ ቅቤው ግን ከሥሩ ጥቂት ብቻ ነው። እኔም ልየውን አውቀዋለሁ፤ ነፍሱን ይሰጥሃል እንጂ ቅቤ ለሰው አያካፍልም። እስክሪብቶውን አንሥቼ ፈረምሁ።

ሆቴሉ የተጨማሪ እንግዳውን መለሰ፤ ይቅርታም ጻፈ። የትራሱን ግን ልየው ራሱ "ቅቤው የእኔ ነው፤ ይውሰዱት" አለ። ባርባራ ስልክ ደውላ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። አሁን ደግሞ በእናቱ ቀናሁ! ባሕር ተሻግሮም ለእሱ ብቻ ነው የሚላከው? እዚህ የተሰደደው እሱ ብቻ ነው? ጣሳውን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁትና ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር ገላመጥሁት። በሰማንያ ተጋብተን፣ ቆርበን፣ አገር አቋርጠን፣ እኔ አሁንም የመዳፍ ትራፊ ነኝ ማለት ነው እያልሁ ተብሰለሰልሁ።

እሑድ ለእማማ ደወልን። ልየው መጀመሪያ ሰላም አላቸውና ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ ዕቃ ሊያጥብ ሄደ። ኔትዎርኩ እየሄደ ይመጣል። ስለ ጤና፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ሰላሙ ተጠያየቅን። እኔ በአጭር በአጭሩ እመልሳለሁ፤ አኩርፌያለሁ።

"ስሚኝማ ልጄ" አሉኝ፤ "ጸጉርሽ ያዘልሽ?"

"የቱ ጸጉሬ እማማ?"

"ይረግፋል አላልሽኝም እንዴ? ያ ቅቤ አልደረሰሽም?"

ከማጠቢያው በኩል የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

"ላንች ነው እኮ የላክሁልሽ። ላሟ ስትወልድ የመጀመሪያው ቅቤ የጥሩዬ ነው አልሁ። አደሱን እኔው ራሴ ነኝ የወቀጥሁት። ለማንጠግቦሽም 'ለልየው አቀብይው፣ ለሚስቱ ይስጥልኝ' ብያት ነበር። ያን የሄዳችሁ ለት ማታ መዳፌ ላይ አልቆ ላንች ሳይበቃሽ ቀረ። ዓይንሽን አይቸዋለሁ። አንች ከሄድሽ ወዲያ ራሴን ቅቤ በተቀባሁ ቁጥር ያ ዓይንሽ ነው የሚመጣብኝ። ደረሰሽ ወይስ አልደረሰሽም?"

ዞር ብዬ ልየውን አየሁት። አረፋ የሞላ ሳህን እንደ ያዘ አንገቱን አቀርቅሯል። ከሆቴሉ ጋር ስሟገት፣ ፎቶ ሳሰፋ፣ በማንጠግቦሽ ስቃጠል፣ በእሳቸው ሳኮርፍ፣ ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የቀናሁት በገዛ ቅቤዬ ነው።

"ደርሶኛል እማማ" አልሁ።

"ተቀባሽው?"

"ተቀብቼዋለሁ።"

"አናትሽ ጠጣልሽ?"

"ጠጣልኝ።"

"እሰይ! ለእሱ እንዳታሳይው። ልጄ ነው፤ ግን በቅቤ አላምነውም" ብለው ሲስቁ ኔትዎርኩ ሄደ።

ልየው እጁን ጠርጎ ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረደ፤ ወንበር ሳበልኝ። በጣቱ የጣሳውን ግድግዳ ዙሪያውን፣ ከሥሩም ፈቅፍቆ ያገኘውን መዳፉ ላይ አሻሽቶ ቀባኝ። ከግንባሬ አላለፈም።

እናንተ አምበር ያላችሁ፣ ይህን ካነበባችሁ ለእማማ አንጓች እንዳትነግሩብኝ። ገበያ ስታገኟቸው ጸጉሯ ደኅና ይዞላታል በሏቸው። ላሟ ደግሞ መቼ እንደምትወልድ ጠይቁልኝ።